ሴፕቲክ ታንካችሁ ውስጥ ናፍጣ፣ በረኪና ወይም አሲድ ከገባ፦ ከመምጠጫ መኪናው በፊት የሚሠራ ሥራ

ግቢው ናፍጣ ናፍጣ ሲሸት ወይም መጸዳጃ ቤቱ ያለ ምክንያት መመለስ ሲጀምር አብዛኛው ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ስልክ ደውሎ ማስመጠጥ። ወር ሳይሞላ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። ወይ ምንጩ አልተዘጋም፣ ወይ ኬሚካሉ ቀድሞ ወደ ማስረጊያ ጉድጓዱ አልፏል፣ ወይ ደግሞ የመኪናው ቱቦ ከሥር ሲመጥ ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት አብሮ ወርዶ ግድግዳውን ቀብቶት ቀርቷል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ችግሩ ግን ከነበረበት ይልቅ ሰፍቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን አቁሙ፣ ቀጥሎ የገባው ምን እንደሆነና መጠኑን እወቁ፣ ማንሳቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የአንዱ ኬሚካል መፍትሔ ለሌላው መርዝ ነውና ሳታውቁ ምንም አትጨምሩ።

ክዳኑን ሳትነኩ ይህን አንብቡ

- ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ። ጭንቅላቱንም አያስገባ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 100 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 100 እጅ) አካባቢ ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ማለት ጋዙ ወጣ ማለት ላይሆን ይችላል። ከ500 ፒፒኤም በላይ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል።
- የወደቀ ሰው ካለ ተከትላችሁ አትግቡ። ለማዳን የገባው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ይሆናል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 እሳትና አደጋ፣ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ።
- ሻማ ወይም ኩራዝ አውርዶ «አየሩን መሞከር» ይቅር። ከዝቃጩ የሚወጣው ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ ይፈነዳል። ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃና ጀነሬተር ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ።
- የጨርቅ ወይም የሐኪም ቤት ማስክ ጋዝ አያግድም። መከላከያችሁ ርቀትና ነፋስ ነው፤ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁሙ።
- ክዳኑ ላይ አትቁሙ። የቆየ ኮንክሪት ከሥሩ በጋዝ ይበላል፤ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ላይ ላዩ ደህና ሊመስል ይችላል።

ደረጃ 1፦ ውሃውን አቁሙ

ሙሉ ታንክ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ሊትር ሌላ ሊትር ወደ ማስረጊያው ይገፋል። በቀን 400 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ በአንድ ቀን 400 ሊትር የተበከለ ፍሳሽ ወደ አፈሩ ላከ ማለት ነው።

1. የልብስ ማጠቢያ፣ ሻወርና የወጥ ቤት ውሃ ይቁም። የዕቃ አጠባውን ውሃ በባልዲ ያዙት።
2. መጸዳጃ ቤቱን ጎረቤት ተጠቀሙ፤ ካልሆነ በጥቂት ውሃ ብቻ።
3. የአሸንዳ ውሃ ወደ ታንኩ የሚገባ ከሆነ አቅጣጫውን ቀይሩ። በክረምት አንድ ዶፍ ዝናብ የሳምንት ጥንቃቄን ያጠፋል።
4. በ30 ሜትር ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ካለ፣ የእናንተም ሆነ የጎረቤት፣ ውጤት እስኪታወቅ አይጠጣበት፣ ምግብም አይሠራበት። ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር ጨምሮ መጠቀም ነዳጅን አያስወግድም። የሚገድሉት ጀርም ነው።

ደረጃ 2፦ ምንጩን ፈልጉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ድካም ሁሉ ከንቱ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡን፣ ሠራተኛዋን፣ ተከራዮችን፣ ዘበኛውን አንድ በአንድ ጠይቁ። «ማን አበላሸው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ማንም አይናገርም። «ባለፈው ወር ምን ምን ተደፋ?» በሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

- ሽታና ዝንብ ያጠፋል ተብሎ ሆን ተብሎ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ። በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ ያደረገው ሰውም ጥፋት አይመስለውም።
- በግቢው ፊት ለፊት የተከራየ ላቫጆ፣ ጋራዥ፣ ባትሪ ቤት ወይም የልብስ ንጽሕና ቤት።
- ፀጉር ቤት። የፀጉር ማለስለሻ ክሬም ብዙውን ጊዜ ኃይለኛ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ በየቀኑ በጥቂቱ ይገባል።
- ቀለም ቀቢው ብሩሹን ያጠበበት ቲነር ወይም አኳራጅ።
- ቱቦ ለመክፈት የተደፋ አሲድ ወይም ኮስቲክ ሶዳ።
- በብዛት የሚገባ በረኪና።
- ጊዜው ያለፈበት የተባይ ማጥፊያ።

ባዶ ጀሪካንና ጠርሙስ ፈልጉ፤ መለያውን ፎቶ አንሡ። የትኛው ማፍሰሻ ከታንኩ ጋር እንደተገናኘ ካላወቃችሁ፣ ደረጃ 3 ላይ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ፣ በ20 ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለም በጥብጣችሁ በተጠረጠረው ማፍሰሻ አፍሱና በመግቢያው ቱቦ በኩል ቀለሙ ይመጣ እንደሆነ እዩ። ይህን ሙከራ በየማፍሰሻው አትድገሙት፤ በጣም በጠረጠራችሁት ላይ ብቻ አድርጉት፤ ውሃ አቁመናልና።

መጠንም ጠይቁ። በ1,000 ሊትር ፍሳሽ ውስጥ በአንድ ጊዜ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ በረኪና ከገባ ቆሻሻውን የሚያበሰብሰውን የታንኩን ባክቴሪያ ሊፈጅ ይችላል። ደረቅ ኮስቲክ ሶዳ ከሆነ ለዚህ 100 ግራም እንኳን አያስፈልግም። አንድ ክዳን በረኪና ለመታጠቢያ ቤት መወልወል ግን ታንክ አይገድልም፤ በዚያ አትጨነቁ።

ደረጃ 3፦ ክፈቱ፣ እዩ፣ ለኩ

አዘጋጁ፦ ረጅም የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ ቦት ጫማ፣ 3 ሜትር የእንጨት ዘንግ፣ አንድ ሜትር ተኩል ነጭ አቡጀዲ፣ 2 ሜትር ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ (1 ኢንች)፣ ከ0 እስከ 14 የሚያነብ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት፣ ሜትር፣ እስክሪብቶና ደብተር። ሁለት ሰው ሁኑ፤ ልጆችና እንስሳት ከአካባቢው ይውጡ።

1. ክዳኑን በድጅኖ አንሡና ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ርቃችሁ ጠብቁ። የቤንዚን ሽታ ከወጣ ሥራውን እዚህ ላይ አቁሙና 939 ደውሉ። ቤንዚን በማንኛውም የአገራችን የአየር ሁኔታ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ በባልዲ የሚቀዳ ነገር አይደለም።
2. የታንኩን ርዝመት፣ ስፋትና የፍሳሹን ጥልቀት ለኩ። 2 ሜትር × 1.5 ሜትር × 1.5 ሜትር ከሆነ 4.5 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 4,500 ሊትር ነው።
3. ግልጹን ቱቦ ቀስ አድርጋችሁ በቀጥታ አውርዱ፣ የላይኛውን አፍ በጓንት ባለ አውራ ጣት ዝጉና አውጡ። በውስጡ የታንኩን ሽፋኖች እንደ ተቆረጠ ኬክ ታያላችሁ። ከላይ ያለው ቅባት፣ መካከሉ ላይ ያለው ውሃ፣ ከሥር ያለው ዝቃጭ ይለያሉ። አፋችሁን አስጠግታችሁ አትሳቡ።
4. የዘንጉን ጫፍ በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ እስከ ታች አውርዱ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ አውጡ። ጥቁር የሆነው የዝቃጩ ከፍታ ነው።
5. ከመካከለኛው ውሃ ጥቂት ቀድታችሁ የፒኤች ወረቀት ንከሩ።
6. መውጫው ላይ ያለውን ቲ ቧንቧ (የ«T» ቅርጽ ያለውን) ከላይ ሆናችሁ በባትሪ እዩ። አፉ ከፍሳሹ በታች ጠልቆ ከቆመ ተንሳፋፊው ዘይት አብዛኛው ታንኩ ውስጥ ነው። ከተሰበረ ወይም ከሌለ፣ ዘይቱ ወደ ማስረጊያው ሄዷል ብላችሁ ደረጃ 7ን ዛሬውኑ ጀምሩ።

ያያችሁትን እንዲህ አንብቡት። ጤነኛ ታንክ ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 7.5 ገደማ ነው፣ ከላይ ቡናማ ቅርፊት አለው፣ አልፎ አልፎ አረፋ ይወጣል። ፒኤች ከ6 በታች አሲድ፣ ከ9 በላይ ኮስቲክ ወይም የፀጉር ክሬም ነው። ወረቀቱ ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ከሆነ ያልሞተ በረኪና አለ። ቅርፊት የለም፣ አረፋ የለም፣ ፒኤቹ ግን መደበኛ ነው፤ ይህ የባክቴሪያ ገዳይ ወይም የተባይ ማጥፊያ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከላይ የተንሳፈፈው የምግብ ቅባት ነው ወይስ ነዳጅ? የምግብ ቅባት ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ነው። ከፈሳሹ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ተዉት። የነጭ ጋዝ ምልክት ይተናል፤ የናፍጣው በጣም ይዘገያል፤ የተቃጠለ ዘይት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቀስተ ደመና የሚመስል ስስ ሽፋን ብቻ ካያችሁ በእንጨት ንኩት። እንደ መስታወት ተሰባብሮ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ነው፤ ተመልሶ ከተጋጠመ ነዳጅ ነው።

የነዳጁን መጠን ለማወቅ ርዝመትን በሜትር፣ ስፋትን በሜትር፣ ውፍረትን በሚሊሜትር አባዙ፤ መልሱ ሊትር ነው። 2 × 1.5 × 10 = 30 ሊትር። ይህ ቁጥር ከተነገራችሁ መጠን በጣም ካነሰ ቀሪው የሄደበትን መፈለግ አለባችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። የደረቅ ልብስ ማጽጃ ፈሳሽ ከውሃ ከአንድ ጊዜ ተኩል በላይ ይከብዳል፣ አይንሳፈፍም። ከላይ ንጹሕ ቢመስልም ከዝቃጩ ሥር ተቀምጧል። ከንጽሕና ቤት የመጣ ጥርጣሬ ካለ በቤት ውስጥ ዘዴ አትነካኩት።

ደረጃ 4፦ ናሙና

ፒኤቹና ዓይናችሁ መልሱን ከነገሯችሁ ላብራቶሪ ላያስፈልግ ይችላል። የሚያስፈልገው የጉድጓድ ውሃ ሲኖር፣ ጎረቤት ሲከስ፣ ወይም ምንነቱ ካልታወቀ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ላብራቶሪው የምትፈልጉትን ምርመራ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ የጠርሙሱን ዓይነት የሚወስነው ምርመራው ነው።

- ለነዳጅና ለሟሟ ኬሚካሎች፦ ጥቁር ወይም ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ አየር ሳይተርፍ እስከ አፉ የተሞላ። የፕላስቲክ ሃይላንድ ጠርሙስ ኬሚካሉን ይመጥጣል፣ ውጤቱን ያሳንሳል።
- ለብረታ ብረት (የባትሪ እርሳስ)፦ ንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ።
- በበረዶ አስቀምጡ፣ በዚያው ቀን አድርሱ። ቀን፣ ሰዓትና የተቀዳበትን ቦታ ጻፉበት።
- መጀመሪያ ከጉድጓድ ውሃው፣ ቀጥሎ ከማስረጊያው፣ በመጨረሻ ከታንኩ ቅዱ። በተቃራኒው ከሠራችሁ ንጹሑን በቆሻሻው ትበክላላችሁ።

ደረጃ 5፦ እንደ ዓይነቱ አክሙ

*ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት*

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሳሙና፣ ኦሞ ወይም ላርጎ አትጨምሩ። ዘይቱን ያቀጥነውና ከውሃው ጋር ቀላቅሎ በቲ ቧንቧው በኩል ወደ አፈር ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚንሳፈፍ ነገር ስለሌለ ማንሳት አይቻልም። በውሃ ማጠብም ያው ነው።

1. ወፍራሙን ሽፋን ረጅም እጀታ ባለው ጣሳ ከላይ ከላይ ቅዱ። ጣሳውን ጠርዙ ብቻ ከፈሳሹ በታች እንዲሆን ያዙት። ነጭ ጋዝ ከሆነ ቀኑ ሞቃት ሳይሆን፣ ማለዳ ላይ ሥሩ።
2. የተቀዳውን በብረት በርሜል ወይም በወፍራም ጀሪካን አስቀምጡ፤ ከአሥር አንዱን እጅ ባዶ ተዉ። ውሃው ከሥር ሲዘቅጥ ዘይቱን ለዩ።
3. ቀሪውን ስስ ሽፋን ለማንሳት ዘይት መጣጭ ጨርቅ ካገኛችሁ ጥሩ። ካልሆነ ደረቅ የስንዴ ገለባ በሽንኩርት ከረጢት አድርጋችሁ በገመድ አንሳፍፉ፤ በየ30 ደቂቃው ገልብጡ፣ ሲጠቁር ቀይሩ። ሰጋቱራም ይሠራል፣ ግን ውሃም ስለሚመጥ ሳይዘገይ ይሰምጣል፤ በከረጢት ሳታስሩ ከበተናችሁት ደግሞ ቲ ቧንቧውን ይደፍናል።
4. በማግሥቱ እንደገና እዩ። ከቅርፊቱና ከግድግዳው የሚለቀቅ ዘይት አለ። ሁለት ሦስት ዙር መሥራት የተለመደ ነው።
5. ስስ ነጸብራቅ ብቻ ሲቀር አስመጥጡ።

የተቀዳውን ዘይት ለአጥር ምስጥ መከላከያ የሚፈልግ ጎረቤት አይጠፋም። አትስጡ፤ ፍሳሽ የነካው ነው።

*በረኪና*

ምንም አትጨምሩ። በተለይ አሲድ ከነካው የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በፍሳሹ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ራሱ በረኪናውን በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል። ሌላ እስካልገባ ድረስ ባክቴሪያው በሁለት ሦስት ቀን መመለስ ይጀምራል። ማስመጠጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

*አሲድ*

ፒኤቹ ከ6 በታች ከሆነ ከክዳኑ ራቁ፤ አሲድ በዝቃጩ ውስጥ የታሰረውን ሰልፋይድ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ጋዙ እንዲወጣ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ፣ በየ15 ደቂቃው ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ አፍስሱ፤ ሁልጊዜ ፒኤቹን ለኩ። 6.5 ሲደርስ አቁሙ። ለግምት ያህል፣ አንድ ሊትር የባትሪ አሲድ ለመግደል ወደ 800 ግራም ይፈጃል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አሲድና ስታርች አለበት። በኖራ ለማድረግ የሚሞክሩ አሉ፤ ግን ኖራ በቀላሉ ፒኤቹን ከ10 በላይ ይወስደዋል። የባትሪ አሲድ ከሆነ እርሳስ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራልና አሲዱ ቢጠፋም ዝቃጩ አደገኛ ነው።

*ኮስቲክ ሶዳና የፀጉር ክሬም*

በአሲድ ወይም በኮምጣጤ ለማካካስ አትሞክሩ፤ ትንሽ ካለፈ ያው የሰልፋይድ ጋዝ ነው። ፒኤቹ ከ9 በላይ ሲሆን አሞኒያ ዓይን ያቃጥላል፤ ራቁ። ትንሽ ከሆነ ከመበስበስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀናት ውስጥ ያወርደዋል። ከሦስት ቀን በኋላም ከ9 ካልወረደ አስመጥጡ።

*የተባይ ማጥፊያና ያልታወቀ*

ክዳኑን ዝጉ፣ መለያውን ያዙ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። የነካው ሰው ካላበው፣ ምራቁ ከበዛ ወይም የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ልብሱን አውልቃችሁ በሳሙና አጥባችሁ ከነመለያው ሐኪም ቤት አድርሱት።

ደረጃ 6፦ ማስመጠጥ

1. መኪናውን ስትጠሩ ምን እንደገባ ተናገሩ። «ከነገርኳቸው አይመጡም» ብሎ መደበቅ ሾፌሩን ለአደጋ ይጥላል። ቃሊቲና ኮተቤ ያሉት ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚሠሩትም እንደ እናንተው ታንክ በባክቴሪያ ነው።
2. የተለየውን ዘይትና የተበከለውን ገለባ ለመኪናው አትስጡ፤ ከመደበኛ ቆሻሻም አትቀላቅሉ። ይህ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት የአደገኛ ቆሻሻ ጉዳይ ነው፤ አወጋገዱን ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።
3. ሁሉም ክፍሎች ይመጠጡ፣ በማንሆሉ በኩል እንጂ በትንሿ ቱቦ አይደለም።
4. ግድግዳውን ከላይ ሆናችሁ ከ100 እስከ 200 ሊትር ውሃ እጠቡ፤ እጣቢውም ተመጥጦ ይሂድ።
5. በዚያው ቀን ንጹሕ ውሃ ሙሉበት። ክረምት ላይ ባዶ የፕላስቲክ ታንክ ከመሬት ተነሥቶ ይንሳፈፋል፤ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋል።

ደረጃ 7፦ ማስረጊያውና አፈሩ

ብዙ የአዲስ አበባ ግቢ ያለው «ሴፕቲክ» ሥሩ ያልተደፈነ የድንጋይ ጉድጓድ ነው። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ይህን ደረጃ መዝለል አትችሉም። ከጉድጓዱ 1 ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ በእጅ መሰርሰሪያ እስከ 2 ሜትር ውረዱ። ከየግማሽ ሜትሩ አፈር ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሩቡ አድርጉ፣ ውሃ ሙሉ፣ ነቅንቁ፣ 10 ደቂቃ ተዉት። ከላይ የሚጋጠም ነጸብራቅ ከታየ አፈሩ ተበክሏል። ንጹሕ እስኪሆን ድረስ አንድ አንድ ሜትር እየራቃችሁ ድገሙ፤ ወሰኑን ሣሉት።

ላይኛው ግማሽ ሜትር ላይ ብቻ ከሆነ ተቆፍሮ በወፍራም ላስቲክ ላይ ተከምሮ፣ ከዝናብ ተሸፍኖ ይጠበቃል። ከዚያ ከጠለቀ ወይም ወደ ጎረቤት ከተሻገረ የባለሙያ ሥራ ነው፤ በግል መቆፈር ግድግዳ ይንዳል፣ ሰውም ይቀብራል።

ደረጃ 8፦ ታንኩን መመለስ

ባክቴሪያውን የሚያመጣው የሰው ዓይነ ምድር ራሱ ነው። እርሾ፣ ፈርስ ወይም የሚሸጥ ዱቄት መጨመር ግዴታ አይደለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ያህል ውሃ ተጠቀሙ፣ ለአንድ ወር በረኪና ራቁ። በየሳምንቱ ፒኤችና ቅርፊት መዝግቡ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አረፋና ቡናማ ቅርፊት ካያችሁ ተነሥቷል።

ሲሳሳትባችሁ

- *ሳሙና ጨምረን ዘይቱ ጠፋ።* አልጠፋም፣ ከውሃው ጋር ተቀላቅሏል። መቅዳቱን ትታችሁ ውሃ ሳይገባ ሙሉውን አስመጥጡ፣ ከዚያ ደረጃ 7።
- *ቤኪንግ ሶዳው አረፋ ሆኖ ገነፈለ።* ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ርቃችሁ እስኪወርድ ጠብቁ፣ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ።
- *ካስመጠጥን በኋላም ቤት ውስጥ ነዳጅ ይሸታል።* የወለል ማፍሰሻው ውሃ ደርቆ ጋዙ በዚያ እየወጣ ይሆናል። ሁለት ሊትር ውሃ አፍስሱበት። ካልቆመ ዘይቱ መስመሩ ውስጥ ተለጥፏል፤ መስመሩ በመግቢያው በኩል እየታጠበ እጣቢው በባልዲ ይያዝ።
- *ፒኤቹ ተስተካክሎ በሳምንቱ ተበላሸ።* አሁንም የሚደፋ ሰው አለ። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፣ በዚህ ጊዜ ፀጉር ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሳይሆን በሥራ ሰዓት ለኩ።